የክረምት የዓይን ሕመሞች፦ ውዱእ ያልደረሰው የልጆቻችን ፊት



ክረምት በሐይቅና በአምባሰል የበረከት ወቅት ነው። ሐይቁ ይሞላል፣ ጋራው ይለመልማል፣ ገበሬው ከአረሙ አይለይም። ከበረከቱ ጋር ግን ሌላም ነገር አብሮ ይመጣል። ዝንብ ይበዛል፣ ከብቱ ከደጃፍ ይታሰራል፣ እርጥብ ማገዶ ቤቱን በጭስ ይሞላዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መድረሳዎቻችን በልጆች ይጨናነቃሉ። በዚህ መሐል ዓይኑ የቀላ፣ ዓይናር የያዘው ልጅ ማየት እንግዳ አይሆንብንም። «ክረምት ነው፣ ያልፋል» እንላለን። ብዙው በርግጥ ያልፋል። የማያልፈው ግን አለ፤ እሱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ ያስፈልገናል።

ቶሎ መጥተው ቶሎ የሚሄዱ

አንደኛው በቫይረስ የሚመጣው የዓይን መቅላት ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓይን ይጀምርና ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ዓይን ይቀላል፣ ውሃ የመሰለ እንባ ይፈሳል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይሻላል፤ አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም። ክፋቱ ተላላፊነቱ ነው፤ በእጅ፣ በፎጣ፣ በትራስ ጨርቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል።

ሁለተኛው በባክቴሪያ የሚመጣው ነው። ወፍራም ቢጫማ ዓይናር ያወጣል፤ ጠዋት የዓይን ቆብ ተጣብቆ አልከፈት ይላል። ጤና ጣቢያ ሲኬድ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው።

ሦስተኛው አለርጂ ነው። ዋና ምልክቱ ማሳከክ ሲሆን ሁለቱንም ዓይን አንድ ላይ ይይዛል፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ጭስ፣ አቧራና የአበባ ብናኝ ያባብሱታል። ልጁ ዓይኑን እንዳያሽ መከልከልና በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ያስታግሰዋል።

ለነገ የማይባሉ

በአረም ወቅት የበቆሎ ወይም የማሽላ ቅጠል ዓይንን ሊልጥ ይችላል። በተላጠው ቦታ ጀርም ወይም ፈንገስ ከገባ ጥቁሩን የዓይን ክፍል የሚሸፍነው መስታወት (ኮርኒያ) ይቆስላል፤ ቁስሉም ሲድን ጠባሳ ሊተው ይችላል። ስለዚህ በእርሻ ላይ ዓይኑ የተመታ ሰው፣ ብርሃን ማየት ያቃተው ወይም ኃይለኛ ሕመም የተሰማው፣ እይታው የደበዘዘ፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር የታየበት ሁሉ በዚያው ዕለት ሐኪም ሊያየው ይገባል። በተወለደ በመጀመሪያው ወር ዓይኑ ያበጠና መግል የሚያወጣ ሕፃንም እንዲሁ ነው፤ ሌሊቱ እስኪነጋ እንኳ አይጠበቅም።

ሳይታወቅ የሚያሳውረው

ከሁሉም የምንፈራው ግን ሕመሙ እምብዛም የማይሰማው ነው። ትራኮማ፣ በብዙ አካባቢ የዓይን ማዝ የሚባለው፣ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ልጁን ትንሽ ዓይናር ያስወጣዋል፣ ትንሽ ያቀላዋል፤ ልጁ ግን ከጨዋታው አይቀርም። ተሻለው ሲባል ከወንድሙ ወይም ከጎረቤቱ ልጅ መልሶ ይይዘዋል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የላይኛው የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠብስና ይኮማተራል። ዓመታት አልፈው ልጁ ትልቅ ሰው ሲሆን ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። ከዚያ በኋላ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ የዓይኑን መስታወት ይፍቀዋል። መጨረሻው የማይመለስ ዓይነ ስውርነት ነው።

እናቶቻችን በወረንጦ ሲነቅሉት የምናየው ፀጉር ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትራኮማ የሚታወሩት ሴቶች ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕፃን የምታቅፈው፣ አብራ የምትተኛው፣ ፊቱን በሻሿ ጫፍ የምትጠርገው እናት ናት። በዚያው ሻሽ የራሷንም ዓይን ትጠርጋለች።

በ1998 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ የአማራ ክልል ልጆች መካከል 62.6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። በአገር ደረጃ ቁጥሩ 40.1 በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁመታችን በዘንግ እየተለካ በዘመቻ የሚሰጠን አዚትሮማይሲን በብዙ ወረዳዎች በሽታውን ቀንሶታል። ይሁን እንጂ ክልላችን ዛሬም በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። መድኃኒቱ ያለውን ጀርም ይገድላል፤ ፊቱ ያልታጠበ ልጅ ግን ዳግም ይያዛል።

ውዱእ የት ላይ ይጎድላል?

እዚህ ላይ «እኛ እኮ በቀን አምስት ጊዜ ፊታችንን እንታጠባለን» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ትልቅ ኒዕማም ነው። ትራኮማን ለመከላከል ከሚመከሩት አራት ነገሮች አንዱ የፊት ንጽሕና ነው፤ ሌሎቹ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒትና የአካባቢ ንጽሕና ናቸው። የፊቅህ ሊቃውንትም ስለ ውዱእ ሲያስተምሩ በዓይን ጥግ የደረቀ ዓይናር ውሃው ቆዳ ላይ እንዳይደርስ የሚከለክል ከሆነ መወገድ እንዳለበት ያስረዳሉ። ዝንብ የምትፈልገውም ያንኑ ዓይናር ነው።

ነገር ግን ውዱእ የሚያደርገው ማን ነው? ትልቁ ሰው ነው። ልጅ በሶላት የሚታዘዘው ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። ትራኮማ ደግሞ በብዛት የሚኖረው ከዚያ በታች ባሉት፣ ገና ድክ ድክ በሚሉት ላይ ነው። አባት ለሱብሒ ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ ሕፃኑ ዓይናሩን እንደያዘ ይተኛል። በሽታው በየዓመቱ የሚመለስብን በዚህ ክፍተት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለራሳችን ውዱእ ማንቆርቆሪያውን ስናነሳ ትንሹንም ልጅ ጠርተን ፊቱን እናጥበው። «ውሃ የለም» የሚለውም ሁልጊዜ ምክንያት አይሆንም። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። የልጅ ፊት የሚፈልገው ከዚያም ያነሰ ነው።

በቤት፣ በመድረሳ፣ በመስጂድ

በቤት ውስጥ ለየልጁ የራሱ ፊት መጥረጊያ ጨርቅ ይኑረው፤ ከሌለ ፊቱ በአየር ይድረቅ። ኩልም ሆነ መኳያ እንጨቱን አንዋዋስ፤ የታመመ ዓይንንም አንኳል። መጸዳጃ ቤት ቆፍረን እንጠቀም፤ ትራኮማን የምታዛምተው ዝንብ በይበልጥ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ነውና። እበቱንም ከደጃፍ እናርቀው።

በመድረሳ ኡስታዞቻችን ከደርስ በፊት የልጆችን ፊት ይመልከቱ። ሃይላንድ ፕላስቲክ ግርጌው ላይ ተበስቶ በር ላይ ቢንጠለጠል ለመታጠቢያ ይበቃል። ዓይኑ ቀልቶ የሚያፈስ ልጅ እስኪሻለው ቤቱ ቢቆይ ለጓደኞቹ እዝነት ነው። ይህን ያደረገ ኡስታዝ ልጁን እንዳያሳፍረው ይጠንቀቅ።

በመስጂድ ደግሞ የጋራ ፎጣ ካለ ይነሳ። የሚተላለፍ የዓይን ሕመም የያዘው ሰው በቤቱ ቢሰግድ ሕመም ከጀማዓ ለመቅረት ዑዝር መሆኑን ዓሊሞቻችን አስተምረውናል። ቆቡ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ውሃ የተከለከለ ሰውም ሶላቱ አይጓደልበትም፤ ስለ መስሕና ስለ ተየሙም የየመዝሀቡን ዓሊም ይጠይቅ።

ወደ ዓይን የማይገቡ ነገሮች

የእናት ጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ማር፣ የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ በታመመ ዓይን ውስጥ አይጨመሩ። የማርንና የጥቁር አዝሙድን ደረጃ ዝቅ ማድረጋችን አይደለም፤ ያልተጣራ ነገር ለቆሰለ ዓይን ጉዳት ስለሆነ ነው፣ ጉዳትን መከላከልም የሸሪዓችን መሠረት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ጠብታም እንዲሁ ነው። መቅላቱን ለጊዜው ይደብቃል፤ ቁስሉን ግን ያብሳል፣ ሲቆይም የዓይን ግፊትን ከፍ አድርጎ ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል።

ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ የገባ እናት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ካለችን ወረንጦውን አንግዛላት፤ ይልቅ ይዘናት ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ በማደንዘዣ ይሠራል፣ በዘመቻ ጊዜም በነጻ ይሰጣል። የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ያተርፋል። ከጤና ጣቢያ በላይ ለሆነ ችግር ደሴ አቅራቢያ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው።

ይህ በሽታ ሊጠፋ ይችላል። ዑማን በ2012 እ.ኤ.አ፣ ሞሮኮ በ2016፣ ጋምቢያ በ2021፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በ2022፣ ፓኪስታን በ2024 ትራኮማን የማኅበረሰብ ጤና ችግር ከመሆን ማስወገዳቸው በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላቸዋል። በሐይቅ ዙሪያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ነው፤ ልጆቹ አብረው ይጫወታሉ፣ ዝንቧም ደጃፍ አትለይም። ስለዚህ የጎረቤታችንን ልጅ ፊት ማጠብ የራሳችንን ልጅ ዓይን መጠበቅ ነው። ኢማሞቻችን በዚህ ክረምት ከጁምዓ ኹጥባ ጥቂት ደቂቃ ለዚህ ጉዳይ ቢሰጡ ብዙ እናቶችን ከጨለማ ይታደጋሉ።

አላህ የዓይናችንን ብርሃን ይጠብቅልን፤ ለታመሙትም ሺፋውን ይላክልን። ወላሁ አዕለም።