በሩና በረኛው፦ የምእመናን መዝገብ በኢንተርኔት ዘመን

በሐረር ሸዋ በር የሚያልፍ ሰው የጁገልን ግንብ ያስተውላል። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር አሠርተውታል፤ በሮቹም ሲመሽ ይዘጉ ነበር። ግንብ ቢጸና በረኛው ካልተጋ ግን ከተማ አይጠበቅም።

ይህን ያሳሰበን በዚያው አካባቢ በአንድ ኢንተርኔት ቤት ያየነው ነገር ነው። ብራውዘሩን ስንከፍት ከእኛ በፊት የተጠቀመ ሰው ሳይዘጋው የሄደ የኢሜይል ሣጥን ገጠመን። በገጹ ላይ የአንድ አጥቢያ ምእመናን ስም፣ ስልክ ቁጥርና ወርኃዊ አስተዋፅኦ ይታይ ነበር። ማንም ሰብሮ አልገባም፤ በሩ ክፍት ቀርቶ ነበር። ዘግተን ወጣን፤ ለሚመለከታቸውም ነገርን።

ብዙዎቻችን በድረ ገጽ አድራሻ ጎን የሚታየውን የጓጉንቸር ምልክት የደኅንነት ዋስትና አድርገን እንቆጥረዋለን። ምልክቱ የሚያመለክተው መልእክቱ በመንገድ ላይ ተመሥጥሮ እንደሚሄድ ነው፤ የድረ ገጹን ባለቤት ታማኝነት አይመሰክርም። ጎግል ክሮም በ2016 ዓ.ም. መባቻ ምልክቱን በሌላ የለወጠውም ሰዎች ትርጉሙን ስለሚስቱት ነበር።

ሕጉም ከእኛ ኃላፊነት ይጠብቃል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር ወይም ዳታ የሚገባውን ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ፊቱን ወደ መዝገብ ያዡ ይመልሳል። አዋጁ የሰውን ሃይማኖታዊ እምነት ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መካከል ይመድበዋል። እንግዲህ የሰበካ ጉባኤ የአባላት መዝገብ፣ ከስም በቀር ምንም ባይጻፍበት እንኳ፣ የባለ ስሙን እምነት ይገልጣል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት የሚከተለውን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን። መዝገቡን የሚከፍቱት ሰዎች በቃለ ጉባኤ ይወሰኑ፤ ኃላፊነቱን የሚያስረክብ ሰው ሲኖር የይለፍ ቃሉ ወዲያው ይለወጥ። በጋራ ኮምፒዩተር መዝገቡ አይከፈት፤ ግድ ከሆነ ብራውዘሩ የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ ሲል እንቢ ይባል፣ ሥራው ሲያበቃም ከአካውንቱ ይወጣ። መስኮቱን መዝጋት ብቻውን መውጣት አይደለም። ክፍት መቅረቱ ኋላ ከታወሰ፣ ከሌላ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ የይለፍ ቃሉን መለወጥና ከሁሉም መሣሪያዎች መውጣት ይቻላል። የብራውዘሩ ማሻሻያም ሳይዘገይ ይጫን፤ የታወቁ ቀዳዳዎች የሚደፈኑት በእርሱ ነውና።

የንስሐ አባት የልጁን ምሥጢር የሚጠብቀው አዋጅ ስላስገደደው አይደለም። ምእመኑ ስሙንና ስልኩን ሲሰጠንም በአደራ ነው፤ ወረቀቱ ወደ ኮምፒዩተር ቢለወጥ አደራው አይለወጥም።