ብቻውን የሚኖር ሰው ምድጃ
በአንኮበርና በአካባቢው ስላለው የምግብ አሠራርና የቤት አያያዝ

ስለ ደጋው አገራችን ሰዎች አኗኗር የተጻፉት ጽሑፎች በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ ቤተ ሰብ ነው። ባልና ሚስት፣ ልጆችና ዘመዶች በአንድ ጣራ ሥር ሲያድሩ፣ ከአንድ መሶብም ሲቈርሱ ተመልክተን እንጽፋለን። ይሁን እንጂ በየአጥቢያውና በየከተማው ዳር ለብቻው ጎጆ ይዞ፣ ለብቻውም እሳት አንድዶ የሚያድረው ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ጽሑፍ የእርሱን ምድጃ ይመለከታል። የሚመረምረውም ጥያቄ፣ ለብዙ ሰው ተብሎ የተደራጀው ጓዳ ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ በሆነ ጊዜ እንዴት ሊሠራ ቻለ? የሚል ነው።

አንኮበር ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ስፍራ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደጋው ወደ አፋር ቈላ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ይገኛል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረበት ዘመን፣ በተለይም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በገዙባቸው ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ የግብር አዳራሹ በሰው የተመላ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከሄዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ቤተ መንግሥቱ ተለየው፤ ማርያም፣ ሚካኤል፣ መድኃኔ ዓለምና ሌሎቹ አድባራት ግን በስፍራቸው ቀሩ። በአድባራት ዙሪያ ደግሞ ብቻውን የሚኖር ሰው አይታጣም።

ብቻቸውን የሚኖሩትን ሰዎች በአራት ወገን መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውም ጎጆ የወጡባቸው ባልቴቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ቆብ ጭነው እማሆይ ተብለው ይኖራሉ። ሁለተኛው ከአገሩ ርቆ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚማረው የቆሎ ተማሪ ነው። ሦስተኛው ለሥራ ከሌላ ስፍራ የመጣው ወንደላጤ ነው፤ መምህር፣ የጤና ሠራተኛ ወይም የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ ሊሆን ይችላል። አራተኛው ከገጠር መጥቶ በከተማ ክፍል ተከራይቶ የሚማረው ወጣት ነው።

ቋንቋችን ለእነዚህ ሰዎች የተለየ ስፍራ አላዘጋጀላቸውም። አንድ ሰው አገባ ለማለት «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» እንላለን፤ በዚህ አነጋገር ጉልቻ የጋብቻ ምልክት እንጂ የድስት መቀመጫ ብቻ አይደለም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ምሳሌም ለብቻ መብላትን ከንፉግነት ጋር ያስተባብረዋል። ዳሩ ግን ብቻውን የሚኖረውም ሰው ድስቱን የሚጥደው በእነዚያው ሦስት ጉልቻዎች ላይ ነው። ኑሮው በምን እንደሚጸና ለመረዳት ምግቡን በሚፈልገው የእሳት መጠን ከፍሎ መመልከት ይጠቅማል።

እሳት የማይሻ ምግብ

በመጀመሪያው ክፍል የሚገኙት በሚበሉበት ቀን እሳት የማይሹ ምግቦች ናቸው። ከእነዚህም ዋናው በሶ ነው። ገብሱ ተፈትጎ ይታመሳል፣ ከዚያም ይፈጫል፤ ዱቄቱ በውኃና በጨው ተለውሶ ይበላል፣ ወይም ቀጥኖ ይጠጣል። ጾም ባልሆነ ቀን፣ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ቅቤ ይገባበታል። አንኮበር የገብስ አገር ስለ ሆነ በሶ ከማናቸውም ቤት አይጠፋም። ቆሎም እንደዚሁ ነው፤ ተማሪውም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ድርቆሽ የሚባለው በፀሓይ የደረቀ እንጀራ ነው፤ በውኃ ወይም በወጥ ርሶ ይበላል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ የለመነውን ቍራሽ ለነገ የሚያቈየው በዚሁ መንገድ ነው። በባቄላ ዱቄትና በሰናፍጭ ተሠርቶ የሚብላላው ሥልጆና ታምሶ የተፈጨው ተልባ የጾም ማባያዎች ናቸው፤ ለፍስክ ደግሞ ቋንጣ አለ።

እነዚህ ምግቦች በፍልሰታ ጾም ጊዜ በይበልጥ ይታያሉ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ድረስ ሱባኤ የሚገባ ሰው፣ ባለ ትዳርም ቢሆን፣ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሚገኝ ጎጆ ብቻውን ይሰነብታል። ወቅቱ ዝናም ነውና እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ስለዚህ በሶና ቆሎ ይዞ ይገባል።

እነዚህ ምግቦች እሳት አይሹም ማለት ግን ያለ እሳት ተሠሩ ማለት አይደለም። እሳቱ አስቀድሞ ነዷል። ገብሱን መፈተግ፣ ማመስና መፍጨት በአንድ ቀን ተሰብስቦ የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሴቶች ተረዳድተው የሚፈጽሙት ሥራ ነው። በሶውን የሚበላው ሰው ብቻውን ነው፤ በሶው የተሠራው ግን በብዙ እጅ ነው።

ጥቂት እሳት የሚሻ ምግብ

በሁለተኛው ክፍል ሽሮ፣ ቂጣ፣ ንፍሮ፣ ቂንጬና ገንፎ ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ ለብቸኛ ሰው ይበልጥ የሚስማማው ሽሮ ነው። አተሩ፣ ባቄላው ወይም ሽምብራው ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከቅመም ጋር ከተፈጨ በኋላ ለብዙ ወራት ይቀመጣል፤ በሚፈለግበት ጊዜ አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ጭራሮ ይበቃዋል። ቂጣም እርሾ ስለማይገባበት መጠባበቅ የለበትም፤ ተቦክቶ ወዲያው ይጋገራል። የጾሙም ሥርዓት ማገዶን ይቈጥባል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትና በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ ጿሚው ሰው እስከ ቀትር በኋላ ድረስ ስለማይበላ፣ እማሆይ እሳታቸውን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢያነዱ ይበቃቸዋል።

ክብሪት በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ትልቁ ችግር እሳቱን ማንደድ ሳይሆን እንዳይጠፋ መጠበቅ ነበር። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፤ ጧት ረመጡ ተገልጦ በጭራሮ ይቀጣጠላል። በቤቱ ብዙ ሰው ሲኖር አንዱ ሳይነቃ ሌላው ይነቃል፤ ብቸኛው ሰው ግን ታምሞ ቢተኛ ወይም መንገድ ቢሄድ እሳቱ ይጠፋበታል። በዚህን ጊዜ ገል ይዞ ከጎረቤት ዘንድ «እሳት ልጭር» ብሎ ይሄዳል። ይህ ልማድ ከፍሙ ሌላ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ጎረቤቱ የብቸኛውን ሰው ጤንነት ሳይጠይቅ እንዲያውቅ ያደርገው ነበር። ከጣራው ጢስ ያልወጣበት፣ እሳትም ሊጭር ያልመጣ ሰው ምን ሆኖ ይሆን ተብሎ ይታሰባል።

ጢስ በአገራችን የቤት መቍጠሪያ እንደ ነበረም መዘንጋት የለበትም። ጭሰኛ የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው፤ የሥርዓቱም ፍጻሜ የሆነው የገጠር መሬት ዐዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ነው። አንድ ጢስ አንድ ቤት ከሆነ፣ የባልቴቷም ጎጆ እንደ ማንኛውም ቤት ራሱን የቻለ መስሎ ይቈጠራል። የሚቀጥለው ክፍል ግን ይህ አቈጣጠር የማያሳየውን ነገር ይገልጻል።

ብዙ እሳት የሚሻ ምግብ

በሦስተኛው ክፍል የሚገኘው እንጀራ ነው። ሊጡ በቡሃቃ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ በአንኮበር ብርድ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ምጣዱ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የሸክላ ሥራ ስለ ሆነ እስኪግል ድረስ ብዙ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጨርሳል። ይህም ማገዶ ለ3 እንጀራም ሆነ ለ30 እንጀራ ያው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ለራሱ ብቻ ቢጋግር ከሁለት አንዱ ይደርስበታል፤ ጥቂት ቢጋግር ማገዶው በከንቱ ያልቃል፣ ብዙ ቢጋግር እንጀራው ሳይበላ ይሻግታል። የገብስ እንጀራ ከሆነ ደግሞ ፈጥኖ ይደርቃል። «አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም» የሚለው ምሳሌ በዚህ ስፍራ ቃል በቃል እውነት ነው።

ከዚህ ችግር መውጫው ሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በሰው እሳት መጋገር ነው። ጎረቤት ጋግራ ስትጨርስ ምጣዱ ሳይበርድ ባልቴቷ ሊጧን ይዛ ትቀርባለች፤ በጥቂት ተጨማሪ ማገዶም ሥራዋን ትፈጽማለች። ሁለተኛው የእንጀራ ብድር ነው። አንዷ ዛሬ ከጋገረችው ስድስት ታበድራለች፤ ተበዳሪዋ በጋገረች ቀን በቍጥር ትመልሳለች። ይህ ብድር ለባለ ብዙ ቤተ ሰብ የእንግዳ ማለፊያ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለብቸኛ ሰው ግን ትኵስ እንጀራ የሚያገኝበት ዋና ዘዴ ነው። የራሱ መሶብ የጎደለውን የሠፈሩ መሶብ ይመላለታል። እርሾም በዚሁ መንገድ ይዞራል፤ ቡሃቃዋ የደረቀባት ሴት አዲስ እርሾ ከመጀመር ይልቅ ከጎረቤት ትቀዳለች።

ሦስተኛው መንገድ በማኅበርና በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። በሰንበቴ አባሎቹ በየተራቸው ዳቦና ጠላ ይዘው ይመጣሉ፤ በየወሩ የጻድቁ ወይም የመልአኩ ቀን ዝክር ይደረጋል፤ ሙታን በተዝካር ይታሰባሉ። መነኩሲቶችና ተማሪዎች በእነዚህ ቀናት ይበላሉ፤ የተረፈውም ደርቆ ይቀመጣል። እማሆይ በበኩላቸው የተቀበሉትን ሳይመልሱ አይቀሩም። ጥጥ ይፈትላሉ፣ እህል ይለቅማሉ፣ ሕፃን ይጠብቃሉ፤ ተራቸው ሲደርስም ጎረቤቶቻቸው አግዘዋቸው ጠላ ይጠምቃሉ።

ቡናም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን በዕድሜ ከማኅበሩ ያንሳል። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የሸዋ ክርስቲያን ቡናን የሙስሊሞች መጠጥ ነው ብሎ ይርቀው ነበር፤ በኋላ ግን በየቤቱ ገባ። ዛሬ ቡና አፍልቶ ለብቻ መጠጣት እንደ ነውር ስለሚታይ፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ብቸኛው ሰው በየዕለቱ ከሰው ጋር የሚቀመጥበት ጊዜ ሆኗል።

ስለ ወንደላጤ

እስከ አሁን የተነገረው ሥርዓት ለሴት እንጂ ለወንድ በሙሉ አልተከፈተም። ወንድ ጓዳ መግባቱ፣ ይልቁንም ምጣድ ፊት መቀመጡ ነውር ተብሎ ስለ ቈየ፣ ወንዱ በብድሩ ውስጥ የሚመልሰው እንጀራ የለውም። ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ሳይዘገይ ሌላ የሚያገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ባልቴቷ ግን ብቻዋን ልትኖር ትችላለች፤ ለመስጠትም ለመቀበልም እጇ ሥራውን ያውቃልና። የቆሎ ተማሪው ከነውሩ ነጻ የሆነው ተማሪ በመሆኑ ነው፤ ቆሎውን ራሱ ቢቈላ የሚስቅበት የለም።

ዛሬ ይህን ልማድ በይበልጥ የሚለውጠው ከገጠር የሚመጣው ተማሪ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ ሄዶ እናቱ የጋገረችውን እንጀራ ወይም ዳቦ፣ ሽሮና በርበሬ ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ እስኪያልቅ ድረስ ሽሮውን የሚሠራው ራሱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ክፍል ተጋርቶ ሲኖርም ተራ ገብተው ያበስላሉ። ሆኖም ምጣዱ ያለው ከእናቱ ዘንድ ነው፤ ወንዙንና ዳገቱን ተሻግሮ የሚመጣው የእርሷ እሳት ነው።

ስለ ለውጡ

የሞተር ወፍጮ ሴቲቱን ከሌሊት ፈጪነት አሳርፏታል፤ ክብሪት እሳት መጫርን አስቀርቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድም በከተሞች ተለምዷል፤ ነገር ግን 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ኀይል ስለሚስብ ብዙ አከራዮች በተከራይ ክፍል እንዲሰካ አይፈቅዱም። ስለዚህ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ብቻውን የሚኖረው ሰው ተጋግሮ የሚሸጠውን እንጀራ በቍጥር ይገዛል። ወንዱም ያለ ነውር ገዝቶ ይበላል።

ይህ ለውጥ ያስገኘው ነጻነት የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን ልብ ልንለው የሚገባ ልዩነት አለ። እንጀራ በብድር ሲዞር የተበዳሪውን ቤት ሁኔታ አበዳሪዋ ታውቃለች፤ ለሁለት ቀን ያልመጣ ሰው ይጠየቃል። እንጀራ በገንዘብ ሲገዛ ግን ሻጩ ያልመጣውን ደንበኛ የሚጠይቅበት ግዴታ የለበትም። በሌላ በኩል አሮጌው ሥርዓት የራሱ ድካም ነበረው፤ አዝመራ በከፋ ዓመት ባለ ልጆች ቤት ለራሱ ሲሳሳ፣ ብድሩ አስቀድሞ የሚቋረጠው ብዙ መመለስ በማይችለው ሰው ላይ ነው። ብቸኛው ሰው የሚራበው የራሱ ጎተራ በባዶ ጊዜ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም ጎተራ በጎደለ ጊዜ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለጥናት ሥራ ይጠቅማል። ቤቶችን በጢስ ወይም በጣራ የሚቈጥር ሰው መነኩሲቷን፣ ተማሪውንና ወንደላጤውን ራሳቸውን የቻሉ ቤቶች አድርጎ ይመዘግባቸዋል። በማዕዳቸው የተለዩ መሆናቸው እውነት ነው፤ በእሳታቸው ግን አልተለዩም። ስለዚህ ለጥናት ወደ አገር ቤት የሚወጡ ተማሪዎች «ከማን ጋር ትኖራለህ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥለው፣ እንጀራው በማን ምጣድ እንደ ተጋገረ፣ እርሾው ከየት እንደ መጣ፣ ብድሩም ለማን እንደሚመለስ ቢጠይቁ፣ በመዝገብ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚታይበት ቤት ከስንት ቤቶች ጋር ተያይዞ እንደሚኖር ሊያውቁ ይችላሉ።