ሐኪሙ ዕጣው አልቆ ሄደ፤ ጥርስ አውጪዋስ?

  የዛሬውን የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ፣ ከባሮ ዳርቻ፣ ከጋምቤላ ከተማ ነው። ጉዳዬም ፍቅር ሳይሆን ጥርስ ነው። "ደግሞ ጥርስ ምን ይወራለታል?" እንዳትሉኝ!

እናንተ የሸገር ልጆች ጋምቤላና ጥርስ ሲባል ትዝ የሚላችሁ አንድ ነገር ነው፤ በኑዌርና በአኙዋክ ታላላቆች ዘንድ የታችኛው የፊት ጥርስ ይወልቅ የነበረው። ፎቶ አይታችሁ "ወይ ጉድ!" ሳትሉ አልቀራችሁም። ግን እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ እናታችሁን "እማዬ፣ በሕፃንነቴ ጥርሴን አስወጥተሽኛል?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ጠይቄ ደንግጫለሁ።

ቤተሰቦቼ ደገኞች ናቸው። አባቴ ለንግድ ጋምቤላ ወርዶ እዚሁ ቀረ። ልማዱንም ከምጣዱና ከሙቀጫው ጋር ይዘነው ወረድን። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው አፉ ተከፍቶ ድዱ ይታያል። ነጣ ብሎ አብጦ ከተገኘ "ጥርሱ ነው የያዘው" ይባልና ከሰፈር አዋቂ ትጠራለች። እሷም በወስፌ ወይም በሚስማር ድዱን ፈልፍላ፣ ገና ያልጠነከረውን ጥርስ አውጥታ "ይኸው ትሉ!" ብላ ታሳያለች።

ለእኔም ወጥቶልኛል። ከወተት ጥርሱ ሥር የሚበቅለው ቋሚው ጥርስም አብሮ ሊጎዳ ስለሚችል፣ የላይኛው ግራ ክራንቻዬ እስከዛሬ አልበቀለም። ስስቅ አፌን በእጄ የምሸፍነው ጨዋ ሆኜ አይደለም፣ አፍሬ ነው!

ባለፈው ዓመት ክረምት ታዲያ የእህቴን ልጅ በስምንት ወሩ ተቅማጥ ያዘው። እናቴ "ቶሎ ይውጣለት፣ እንደ ወንድማችሁ እንዳይሆን!" ብላ ጮኸች። ከእኛ በፊት የተወለደ ወንድም ነበረን። ጥርሱ በወጣለት በአምስተኛው ቀን ሞተ። እናቴ ግን እስካሁን "ዘግይተን ስላወጣንለት ነው" ነው የምትለው። እህቴ ታለቅሳለች፣ ጥርስ አውጪዋ በር ላይ ደርሳለች። እኔ ልጁን አቅፌ በጓሮ በር ወጣሁና ባጃጅ ያዝኩ።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ ድዱን አይታ "ይሄ የክራንቻው ቡቃያ ነው፣ ሁሉም ሕፃን አለው" አለችን። የፊት ጥርስ ስድስት ወር ገደማ ብቅ ይላል፤ ክራንቻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው። ተቅማጡ የሚመጣው በዚያው ዕድሜ ልጁ መዳህ ስለሚጀምርና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ስለሚከት ነው። ኦአርኤስና ዚንክ ሰጠችን፣ ጡት እንዳይቋረጥበትም አስጠነቀቀች። በአራተኛው ቀን ዳነ። እናቴ ግን አራቱንም ቀን አላነጋገረችኝም!

መቼም ሕግ አልጠፋም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዶች ቆጥሮ፣ በዚህ ሕፃንን የሚጎዳን ሰው ይቀጣል። ታዲያ ሕጉን ለእናቴ ማን ይንገራት? ብትሰማስ የፖሊስን ቃል ከልጅ ልጇ ነፍስ ታስበልጣለች? እንዲህ ያለውን ነገር የምታምነው ከምታውቀው ሐኪም አፍ ስትሰማው ነው። የምታውቀው ሐኪም ደግሞ የላትም።

ለምን እንደሌላት ለማወቅ በአንድ ወቅት እዚህ ክልል ወረዳ ውስጥ የሠሩ ዶክተር ዘንድ ደወልኩ። ዛሬ አዲስ አበባ ናቸው። በእሳቸው ጊዜ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ አዲስ ሐኪም የሚመደበው በዕጣ ነበር።

"ምን ትያለሽ፣ ጋምቤላ ሲደርሰኝ ጓደኞቼ 'አይዞህ' አሉኝ። የለቅሶ ቤት መሰለ! እጮኛዬ እዚያ ወባ አገር አልከተልህም ብላ ቀለበቴን መለሰች" አሉኝ።

"ስለ ጥርስስ ዶክተር?"

"የጥርስ ሐኪም በወረዳው አልነበረም። ድዳቸው የመገለ፣ ደም የፈሰሳቸው ሕፃናት ይመጡልኝ ነበር። ግን ወደ እኔ የሚመጡት ከወጣ በኋላ ነው። ከመውጣቱ በፊት እንዲመጡ ሰው ሊያምነኝ ይገባል። 'ማሌ' ብዬ በኑዌርኛ ሰላምታ መስጠት ስለምድ፣ እናቶቹም በስሜ መጥራት ሲጀምሩ የግዴታ ጊዜዬ አለቀ። በማግስቱ ሻንጣዬን ሸከፍኩ።"

ልፍረድባቸው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ደመወዙን ታውቁታላችሁ፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱበት ነው። ነገሩ ከዚያ ወዲህ ተገለባብጦ፣ ተመርቀው ሥራ ያጡ ሐኪሞች እንዳሉ እንሰማለን። ሐኪሙ ሥራ ፈላጊ፣ ሕፃኑ ሐኪም ፈላጊ… ይሄ እንዴት ያለ ሒሳብ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ለመንግሥታት ከሰጠው ምክር አንዱ፣ ለገጠር ሐኪም ከፈለጋችሁ የገጠር ልጅ አስተምሩ የሚል ነው። እኔም እላለሁ፣ የኢታንግና የአቦቦ ልጅ ነጭ ጋውን ለብሶ ቢመለስ "ማሌ" ለማለት ዓመት አይፈጅበትም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን የአካባቢውን ልጅ አሠልጥኖ እዚያው ማሠማራቱ ጥሩ ነበር። ለሐኪሙ ሲሆን ግን ለብዙ ዓመታት በዕጣ ስናምን ኖርን።

እስከዚያው እናንተ ወጣት እናቶችና አባቶች፣ በተለይ ልጃችሁን ለአያት ጥላችሁ ሥራ የምትሄዱ፣ ከወዲሁ ተነጋገሩ። ልጁ ሲታመም አያት አትጠብቃችሁም። ቁጣም አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ። ይልቅ ጤና ጣቢያ አብራችሁ ውሰዷት፣ ነርሷ ለእሷው ትንገራት።

የእህቴ ልጅ አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው እሁድ እናቴ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ጣቷን አፉ ውስጥ ከታ ስትዳስስ ክራንቻውን አገኘችው። ነከሳትና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"የወንድምሽም እንዲህ ይወጣ ነበር ማለት ነው?" አለችኝ።

ቡናውን ላማስል ብዬ ተነሳሁ።