የጥልቁ ባሕር ጉዶችና የዓባይ ሸለቆ ድንጋዮች

ከብቸና ወይም ከሞጣ ተነሥቶ ባሕር ለማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ቀን መጓዝና ድንበር መሻገር አለበት። ከኛ ከተማሪዎቹ መካከል አብዛኞቻችን ባሕርን የምናውቀው በካርታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ነው። ስለዚህ «የጎጃም ልጅ ስለ ጥልቅ ባሕር ፍጡራን መጻፉ ከምን የመጣ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። መልሱን ግን ወደ ጽሑፉ መጨረሻ ሲደርስ ያገኘዋል።

በመጀመሪያ የባሕርን ጥልቀት እንመልከት። የፀሐይ ብርሃን ከ200 ሜትር በታች እየደከመ ይሄድና ከ1,000 ሜትር በታች ፈጽሞ አይደርስም። በዓለም ላይ እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ የሚገኘው የማሪያና ገደል ነው፤ ጥልቀቱም ወደ 11,000 ሜትር ይጠጋል። የኛ ጮቄ ተራራ ከፍታው 4,100 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ጮቄን በጮቄ ላይ ደርበን እዚያ ገደል ውስጥ ብናቆመው ሁለቱም ይሰጥሙና በላያቸው ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ውሃ ይቀራል። የውሃውም ክብደት የሚያስደንቅ ነው። ወደ ታች 10 ሜትር በተወረደ ቁጥር በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ አንድ ኪሎ ያህል ሸክም ይጨመራል። በገደሉ ወለል ላይ በዚያች ጥፍር ላይ የሚያርፈው ሸክም ከ10 ኩንታል በላይ ነው ማለት ነው። ይህም ሆኖ ዣክ ፒካርና ዶን ዋልሽ የተባሉ ሁለት ሰዎች በጥር ወር 1952 ዓ.ም. ትሪየስት በምትባል የውሃ ውስጥ መርከብ እስከ ወለሉ ወርደው በሕይወት ተመልሰዋል።

ጨለማና ብርድ፣ ከዚያም በላይ ይህን የመሰለ ክብደት ባለበት ስፍራ ሕይወት ያለው ነገር ይኖራል ብሎ ማን ይገምታል? ነገር ግን ይኖራል። አንደኛው ዓሣ በግንባሩ ላይ እንደ መቃ የረዘመ ነገር በቅሎበት በጫፉ ላይ ትንሽ ፋኖስ የመሰለ ብርሃን ይዟል። ብርሃኑን የሚሰጡት በውስጡ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ትንንሽ ዓሣዎች ብርሃኑን አይተው ሲቀርቡ ሰፊው አፍ ይውጣቸዋል። ከሁሉም የሚገርመው የዚህ ዓሣ ጋብቻ ነው። በአንዳንዱ ወገን ወንዱ ከሴቲቱ እጅግ ያነሰ ስለሆነ በጥርሱ ይይዛትና ሥጋው ከሥጋዋ፣ ደሙም ከደሟ ጋር ተዋሕዶ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ተጣብቆባት ይኖራል።

በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ሳይንቲስቶች በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ ወደ ጥልቁ ባሕር ወርደው ከምድር ውስጥ የሚፈልቅ ፍል ውሃ አገኙ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ በፍል ውሃው ዙሪያ የሚኖሩት ከሰው ቁመት የሚረዝሙ ትሎች አፍም ሆነ አንጀት እንደሌላቸው ታወቀ። ምግባቸውን የሚያዘጋጁላቸው በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነዚህም ከፀሐይ ብርሃን ሳይሆን ከፍል ውሃው ቅመም ኃይል ያገኛሉ።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የኔን ልብ የሳቡት ግን ጥንታውያኑ ናቸው። ሲላካንት የሚባለው ዓሣ በድንጋይ ውስጥ በቅሪተ አካሉ ብቻ ይታወቅ ስለነበር ዘሩ ከጠፋ 60 ሚሊዮን ዓመት እንዳለፈው ይታመን ነበር። በታኅሣሥ ወር 1931 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 መጨረሻ) ማርጆሪ ኮርትኔይ ላቲመር የተባለች የደቡብ አፍሪቃ ሙዚየም ሠራተኛ በአንዲት ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም አንድ ሲላካንት አገኘች። ሞቷል የተባለው ወገን ለካ በጥልቁ ውሃ ውስጥ አለ! እንዲሁም አበባ የሚመስለው፣ ነገር ግን እንስሳ የሆነው የባሕር አበባ በጥንት ዘመን ዳር ዳሩን ይኖር ነበር። ዛሬ ግን ባለ ግንዱ ወገን የሚገኘው በጥልቁ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥልቁ ባሕር የጉዶች ማደሪያ ብቻ ሳይሆን የጥንት ፍጡራን መጠጊያም ነው።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን እንመለስ። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ለመሻገር መኪና ሲወርድ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል። ከላይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ዕድሜውም 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከዚያ በታች ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ እንደ ተነባበረ እንጀራ ተደራርቦ ይታያል። ቀጥሎ ጀሶ፣ በመጨረሻም ከወንዙ አጠገብ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። የኖራው ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጎጃምን ጭምር ሸፍኖት ከነበረ ባሕር የተረፈ ነው። በውስጡም የዛጎል፣ የኮራል፣ የቀንድ አውጣና የባሕር ጃርት ቅሪት አለ። ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላው ዘመቻ ጋር መጥቶ ይህን ዓይነት ድንጋይ በትግራይ በእንጣሎ ስለመረመረ፣ በዓባይ ሸለቆ ያለውም ቢሆን እስከ ዛሬ «የእንጣሎ የኖራ ድንጋይ» ይባላል።

ያ ባሕር እንደ ማሪያና ጥልቅ አልነበረም። ፀሐይ የሚደርስበት ለብ ያለ ውሃ ስለነበረ ኮራል ይበቅልበት ነበር። ነገር ግን አውሬ አልጠፋበትም። በዚያው በ1938 ፍሪድሪክ ፎን ሁኔ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ከሐረር አካባቢ የተገኘ ቅሪት መርምሮ አንገተ አጭር የሆነ የባሕር ተሳቢ ነው ብሎ ነበር። በ1996 ሌሎች ሊቃውንት እንደገና ሲመረምሩት የባሕር አዞ ሆኖ ተገኘ።

ከሸለቆው የመጣ አንድ ዛጎል ያለበት ድንጋይ ለአያቴ ሳሳያቸው «ይህማ የኖኅ ውሃ ያመጣው ነው» አሉኝ። አያቴ ፊደል ባይቆጥሩም ዋናውን ነገር አልሳቱም፤ ባሕር እዚህ ነበረ ብለዋልና። ሊቃውንቱ የሚጨምሩት ስለ ጊዜው ርዝመት ነው። ኮራል በአንድ ዓመት የሚያድገው በጣም ጥቂት ነው። በመቶ ሜትር የሚቆጠር የኖራ ድንጋይ በአንድ ጎርፍ አይነጠፍም፤ ዛጎል በዛጎል ላይ ሲወድቅ፣ ጭቃ በጭቃ ላይ ሲረጋ፣ ሚሊዮን ዓመታት አስፈልጎታል።

እንግዲህ የጥልቁን ባሕር ፍጡራን በመጽሐፍ ስናነብ ስለ ሩቅ አገር ጉድ ብቻ የምናነብ አይምሰለን። ዘመዶቻቸው ከበራችን ሥር በድንጋይ ተጽፈው ተቀምጠዋል። ነገር ግን የኖራ ድንጋይ ለቤት ሥራና ለሲሚንቶ የሚፈለግ ስለሆነ ይፈነቀላል፣ ይፈጫል፣ ይቃጠላል። ይህን መከልከል አይቻልም፤ ቤት መሥራትም ግድ ነው። ሆኖም ከሺህ ድንጋይ አንዱን አንሥቶ ማየት ማንንም አይጎዳም።

ስለዚህ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ዛጎል ያለበት ድንጋይ ወድቆ ቢያገኝ፣ ያገኘበትን ስፍራና ቀን በወረቀት ጽፎ ለትምህርት ቤታችን ይስጥ። እኛም በሳይንስ ክፍላችን አንድ መደርደሪያ እናዘጋጅ። ከኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሾቻችን መምህሩ ስለ ባሕር ሲያስተምሩ ካርታውን ብቻ ከማየት ይልቅ፣ ባሕሩ ራሱ የተወውን ምልክት በእጃቸው ይዘው ይማሩ።