ስፓኒሽ ላይ “ነበር” ሲያስቸግራችሁ አጭር ልብወለድ አንብቡ

ስፓኒሽ የምትማሩ ከሆነ ይህን ነገር ሳታዩት አትቀሩም። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ለውጥ አለ፤ ሰላምታው፣ ገበያው፣ መንገድ መጠየቁ ቶሎ ቶሎ ይገባል። ከፍ ያለ ደረጃ ስትደርሱ ግን ጭቃ እንደያዘው መኪና ጎማው ይሽከረከራል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ለምን?

አንዱ ምክንያት የቁጥር ነው (ኢንጂነሪንግ ያጠና ሰው ከቁጥር ቢጀምር አይፈረድበትም)። የዚፍ ሕግ የሚባል ነገር አለ። በማንኛውም ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ጥቂት ቃላት እጅግ ይደጋገማሉ፤ አብዛኞቹ ግን አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላሉ። የመጀመሪያዎቹን 1,000 ቃላት በየወሬው ታገኟቸዋላችሁ። 5,000ኛውን ቃል ለማግኘት ግን ብዙ ገጽ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት የኃላፊ ጊዜ ግስ ነው፤ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ስፓኒሽ ያለፈን ነገር በሁለት መልክ ይናገራል፦ ተጀምሮ ያለቀ ድርጊት በአንዱ፣ ከኋላ ሆኖ የሚቀጥል ሁኔታ ወይም ልማድ በሌላው። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆን ይጠቅማል። “ሳቢያ” ማለት “ያውቅ ነበር”፣ “ሱፖ” ማለት ደግሞ “አወቀ” ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለሚላቸው ተናጋሪዎቹ ይቸገራሉ፤ እኛ ግን ልዩነቱን ከልጅነታችን እናውቀዋለን።

ችግሩ ብቻውን የቆመው “ነበር” ላይ ነው። “ቤቱ ትልቅ ነበር” ስንል “ኤራ”፤ “ስብሰባው ትናንት ነበር” ስንል ግን “ፉዌ”። “ዛፉ ላይ ወፎች ነበሩ” ሲሆን “አቢያ”፤ “ማታ የእሳት አደጋ ነበር” ሲሆን “ኡቦ”። አማርኛችን እዚህ ጋ ዝም ይላል፤ ምርጫውን ከሌላ ቦታ መማር አለባችሁ።

ታዲያ ለምን ልብወለድ? ዜና በአብዛኛው የሆነውን ብቻ ይነግራችኋል። ተራኪ ግን በሩ ከመሰበሩ በፊት ቤቱን መሥራት አለበት፤ ስለዚህ ሁለቱን መልኮች ጎን ለጎን ያመጣቸዋል። የአውጉስቶ ሞንቴሮሶ “ዳይኖሰሩ” (1959) የተባለው ታሪክ በጠቅላላው 7 ቃላት ነው። ያሉት ግሶች ሁለት ሲሆኑ፣ መንቃቱ በአንዱ መልክ፣ የዳይኖሰሩ እዚያ መኖር በሌላው ተጽፏል። ሁለቱን ብታለዋውጧቸው ታሪኩ ይፈርሳል።

ረዘም ያለ ከፈለጋችሁ የኡራጓዩን ኦራሲዮ ኪሮጋ “የላባ ትራስ” ሞክሩ፤ በ1907 ነው የወጣው፣ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፣ ደግሞም ያስፈራል። ታሪኩ ሲጀምር የጫጉላውን ጊዜ በሙሉ “ፉዌ” ይለዋል። “ይህ ሁሉ ጊዜ የቆየ ነገር እንዴት ‘ኤራ’ አይሆንም?” ትሉ ይሆናል። ደራሲው ጊዜውን እንደተዘጋ ሳጥን ከውጭ ስላየው ነው። ርዝመቱ አይደለም ወሳኙ፤ የተራኪው መቆሚያ ነው። ቤቱ ምን ስሜት እንደሚያሳድር ሲገልጽ ግን ወደ ሌላው መልክ ይሻገራል። ይህን ከሰንጠረዥ ልትሸመድዱት አትችሉም።

አነባበቡ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ አንድ ገጽ ላይ የማታውቋቸውን ቃላት ቁጠሩ። 300 ቃላት ባሉት ገጽ ላይ ከ6 እስከ 10 ከሆኑ ጥሩ ነው፤ 40 ከሆኑ ለጊዜው ተዉት። አንደኛውን ዙር መዝገበ ቃላት ሳትነኩ ጨርሱ። በሁለተኛው እርሳስ ይዛችሁ በአማርኛ “ነበር” የምትሉበትን ቦታ ሁሉ አስምሩ፤ ደራሲው የትኛውን እንደመረጠ እዩና “ለምን?” ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታችሁ ታሪኩን ጮክ ብላችሁ በስፓኒሽ ተርኩት። የምትደናቀፉበት ቦታ ላይ ተመልሳችሁ ያንን አንቀጽ ብቻ አንብቡ።

የሁዋን ሩልፎን “የሚነደው ሜዳ” (1953) ለኋላ አቆዩት። ዓረፍተ ነገሮቹ ቀላል ይመስላሉ፤ የሜክሲኮ ገጠር አነጋገሩ ግን ጎበዙንም ያስቆማል።