ቱርቦ ለሚገጠምለት ሞተር ስንት ለአንድ ይሻላል?



ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ አንድ ወንድማችን ጠየቀኝ፦ «አንተ ሜካኒካል አይደለህ? መኪናዬ ዳገት ላይ ትደክማለች። ያገለገለ ቱርቦ አግኝቻለሁ፤ ባስገጥመው ምን ይመስልሃል?» መኪናዋ የቤተሰቡ እንጀራ ናት። «ጉልበት ይጨምራል» ብሎ መመለስ ቀላል ነበር፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የእመቃ ምጣኔ በሚባለው ቁጥር ውስጥ ስላለ ዛሬ እሱን እንመልከት።

ፒስተኑ ታች ሲደርስ ከበላዩ ያለውን ይዘት ላይ ሲደርስ ለሚቀረው ይዘት ብናካፍለው የእመቃ ምጣኔን (በጋራዥ ቋንቋ ኮምፕረሽን ሬሾን) እናገኛለን። 550 ሲሲ የነበረው ወደ 55 ሲሲ ከታመቀ ምጣኔው 10 ለ 1 ነው። በክፍል በተማርነው የኦቶ ዑደት ቀመር መሠረት ምጣኔው 8 ሲሆን ከነዳጁ ሙቀት 56 በመቶ ያህሉ፣ 10 ሲሆን ደግሞ 60 በመቶው ወደ ሥራ ይለወጣል። እውነተኛ ሞተር ከዚህ በጣም ያነሰ ቢያገኝም አቅጣጫው ያው ነው፦ ምጣኔው ሲጨምር ሞተሩ ነዳጁን በተሻለ ይጠቀማል።

ታዲያ ለምን እንደ ልብ አይጨመርም? ድብልቁ ሲታመቅ ይግላል። ካንዴላው ከተኮሰ በኋላ እሳቱ ወደ ዳር ሲሰራጭ፣ ገና ያልነደደው ክፍል ከመጠን በላይ ከጋለና ከታመቀ እሳቱ ሳይደርሰው በራሱ ይነድዳል። ሞተሩ «አንኳኳ» የምንለው ያኔ ነው። ይህ ሲደጋገም ፒስተን ይበሳል፣ የቴስታታ ጋስኬት ይቃጠላል።

ቱርቦ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ27 ዲግሪ የገባ አየር 10 ለ 1 ሲታመቅ ሙቀቱ በግምት 400 ዲግሪ ይደርሳል። ቱርቦ አየሩን ሲገፋ ያሞቀዋል፤ ኢንተርኩለር ኖሮም በ60 ዲግሪ ገባ እንበል። ያኔ መጨረሻው ወደ 470 ይጠጋል። መግቢያው ላይ የጨመረው 33 ዲግሪ ከእመቃ በኋላ 70 ሆነ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የግፊቱ ጭማሪ አለ። ምጣኔውን ወደ 8.5 ብናወርደው ሙቀቱ ወደ 430 ዝቅ ይላል። ስለዚህ የእመቃ ምጣኔና የቱርቦ ግፊት ከአንድ ኪስ የሚወጡ ወጪዎች ናቸው፤ ለአንዱ ስንጨምር ከሌላው መቀነስ አለብን።

ይህን ሒሳብ ትልልቆቹም ሠርተውታል። የስዊድኑ ሳአብ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ያወጣው 99 ቱርቦ 7.2 ለ 1 ነበር። ምጣኔው ሲወርድ ግን ዋጋ ያስከፍላል፦ ቱርቦው ግፊት እስኪሰጥ ሞተሩ ይደክማል፣ ነዳጅም ይበላል። ዛሬ ማዝዳ 2.5 ሊትር ሞተሩን ያለ ቱርቦ በ13፣ ከቱርቦ ጋር በ10.5 ይሠራዋል። ኒሳን ደግሞ እየሠራ ምጣኔውን ከ8 እስከ 14 የሚቀያይር ሞተር አውጥቷል፤ ግፊት ሲበዛ ዝቅ፣ ሲቀንስ ከፍ ያደርገዋል።

ይህን ስነግረው ወንድማችን ፈገግ አለ፦ «የእኔም እኮ 10.5 ነው! ማዝዳ ከሠራበት የእኔስ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ልዩነቱ ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ዝግጅት ነው። የማዝዳው ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል፤ ሲተን ድብልቁን ያቀዘቅዘዋል። ከቀዘቀዘው ጭስ የተወሰነው ተመልሶ እየገባ የቃጠሎውን ሙቀት ይቀንሳል። ኮምፒውተሩም ካንዴላው መቼ እንደሚተኩስ የሚያዘው ከነቱርቦው ተሰልቶ ነው። የወንድማችን ሞተር ከእነዚህ አንዱም የለውም።

የአገራችን መልክዓ ምድርም ያታልላል። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ሞተር ይደክማል፤ ቱርቦ የሚያጓጓውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በስሱና በቀዝቃዛው የደጋ አየር ተሞክሮ ደህና የሆነ ሞተር፣ ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ አየሩ ወፍራምና ሞቃት ስለሚሆን ሊያንኳኳ ይችላል። መሞከር ያለበት በምቹው ሳይሆን በከባዱ ቦታ ነው።

በአጭሩ ምጣኔ የሚመረጠው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የምናገኘው ቤንዚን ኦክቴን፣ ቀጥሎ የምንፈልገው ግፊት፣ ከዚያም አየሩን ምን ያህል ማቀዝቀዝ እንደምንችል። ቁጥሩ የእነዚህ ውጤት ነው። ለወንድማችን የሰጠሁት መልስም ይኸው ነበር፦ ምጣኔውን በሚቀንሱ፣ አናታቸው ጎድጎድ ባሉ ፒስተኖች ቀይረህ ኮምፒውተሩንም እንደገና ካላስተካከልክ ተወው። ወጪውን ሲያሰላ ተወው፤ የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላዎቹን ግን ቀየረ።

እኛ የምህንድስና ተማሪዎች እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በየመስጂዱ በር ይጠብቀናል። የሰው እንጀራ ያለበት ምክር አማና ነው፤ ሳናሰላ «ይሠራል» አንበል። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ወላሁ አዕለም።