መሬቱ ሲኮመጥጥ

በአዊ ደጋ፣ በባንጃና በፋግታ ለኮማ፣ ቀድሞ ገብስና ባቄላ ያበቅል የነበረው ቀይ አፈር ዛሬ በብዙ ማሳ ላይ ምርቱን ነፍጓል። ማዳበሪያ ቢጨመርም ቡቃያው ይቀጭጫል፤ ለገበሬው የሚተርፈው ዕዳው ነው። ችግሩን ወለጋም፣ ሆሳዕናም፣ ጨንቻም ያውቁታል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑን የግብርና ጥናቶች ያመለክታሉ።

ብዙ ዝናብ ለዘመናት ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ ይወስዳል። ሰውም ያግዘዋል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ ሲሄድ ለመሬቱ የሚመለስለት የለም፤ ዓመት ከዓመት የሚጨመረው ዩሪያም አሲዱን ያብሳል። በዚህ ጊዜ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይፈታና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ፎስፈረሱ ደግሞ በተራው ይታሰራል። በብድር የተገዛው ማዳበሪያ እዚያው አጠገቡ እያለ ሰብሉ ይራባል ማለት ነው። በቡቃያ ያልተሸፈነው መሬት በክረምት እየተሸረሸረ ጅረቱን ያደፈርሳል፤ ከዚህ አካባቢ የሚታጠበው አፈርም በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ድረስ ይወርዳል።

የአዊ ገበሬ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በደከመው ማሳ ላይ ዲከረንስ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ዘርቶ፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰሉን ሸጦ መልሶ አርሷል። ብልሃቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ ስለመታው በእርሱ ብቻ መተማመን አያዋጣም።

ቀጥተኛው መድኃኒት የግብርና ኖራ ነው፤ ይኸውም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ እንጂ ለግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ አይደለም። መጠኑ እንደ አፈሩ ይለያያል፤ በሄክታር 30 ኩንታል የሚጠይቅ መሬት ብዙ ነው። የማኅበር መሪዎች ሥራ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ 15 ኩንታል ያስፈልገዋል። አህያው በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩንታል ብትጭን 30 ምልልስ ይሆናል። ይህን አንድ ሰው ብቻውን አይወጣውም፤ ማኅበሩ ግን አባላቱን መዝግቦ የጭነት መኪና በጋራ ሊከራይ ይችላል።

ከዚያ በፊት አፈሩ ይመርመር። ከአንድ ማሳ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ተቆፍሮ አፈር ይወሰድና በንጹሕ ባልዲ ይደባለቃል። ከአውድማ፣ ከፍግ ክምርና ከአጥር ሥር መውሰድ ውጤቱን ያሳስታል። ከድብልቁ አንድ ኪሎ ያህሉ በልማት ሠራተኛው በኩል ባሕር ዳር ወይም ነቀምት ወዳለው የአፈር ላቦራቶሪ ይላካል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ከሆነ ኖራ ያስፈልገዋል፤ አሲድ በሌለበት መሬት ላይ ኖራ መበተን ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ኖራው ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ አፍንጫ በነጠላ ተሸፍኖ ይበተናል፤ ከዚያም በማረሻ ደጋግሞ ከአፈሩ ጋር ይዋሐዳል። ይህ ሁሉ ከዘር አንድ ወይም ሁለት ወር ቀድሞ መጠናቀቅ አለበት። ለሰኔ ገብስ የሚሆነው ኖራ እንግዲህ በሚያዝያ ማሳው ላይ መድረስ ይኖርበታል፤ ዝናቡ ከጠና በኋላ የቀበሌውን መንገድ መኪና አይገባበትም።